ድልድሉን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ

ሚዛን ከተማ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ብዙ አጥፍቻለሁ። ውጤት አሳስቼ ሞልቼ አውቃለሁ፤ ያላጠፋ ተማሪ ከክፍል አስወጥቼም አውቃለሁ። ጊዜ እነዚያን ወስዶልኛል። ይህኛውን ግን አልወሰደልኝም። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ እኔ በሠራሁት ነገር ስሟ ጠፋ፤ እኔ ደግሞ እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ነገሩ የጀመረው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ጌም ቤት ነው። ባለቤቱ ቤተሰቦቹ ከጅማ አካባቢ የመጡ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ነጋዴ ነው። ከፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል። የኋላውን ሰፊ ክፍል ግን ሦስት ቴሌቪዥንና ሦስት ማሽን አስገብቶ የኳስ ጌም መጫወቻ አደረገው። ለምን ብለው ሲጠይቁት አይደብቅም። የእህቱ ልጅ ደመወዙን በየወሩ ውርርድ ቤት እያስረከበ፣ በመጨረሻ ትዳሩም ፈርሶበት ነበር። "ኳስ ከወደዱ እዚህ ራሳቸው ይጫወቱ" ይላል፤ "የማያውቁት ሰው እግር ላይ ገንዘባቸውን ከሚጥሉ።" ግድግዳው ላይ "በዚህ ቤት መወራረድ ፈጽሞ ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፍህ ያምራል ብሎ ካርቶንና ማርከር ገዝቶ ያጻፈኝ እሱ ነው።

እኔ ራሴ አልጫወትም። ጆይስቲኩን ስይዝ ጣቶቼ ይተሳሰራሉ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ግን እዚያ ጥግ ተቀምጬ ማየት እወድ ነበር። ደብተር ማረም የሰለቸው ሰው ሌሎች ሲቀልዱና ሲከራከሩ ሲሰማ ትንሽ ይቀለዋል።

አንድ እሁድ ባለቤቱ ስምንት ተጫዋቾች መዝግቦ የመጀመሪያውን ውድድር አዘጋጀ። ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጠቅልሎ ቆቡ ውስጥ ጨመረና ዕጣ አወጣ። በከተማው አንደኛና ሁለተኛ የሚባሉት ሁለቱ የመጀመሪያው ዙር ላይ ተገናኙ። አንደኛው ሁለተኛውን ጣለው። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚያሸንፍ ሁሉም ስላወቀ ጨዋታው ለዛ አጣ፤ ፍጻሜው ሲደርስ ግማሹ ተመልካች ወጥቶ ሄዷል።

"መምህር" አለኝ ባለቤቱ ወንበሮቹን እየሰበሰበ፣ "ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚስተካከለው?"

በደስታ አስረዳሁት። ጠንካራ ተጫዋቾችን በቀደመ ውጤታቸው ተራ ቁጥር ትሰጣቸዋለህ፤ አንደኛውን በላይ፣ ሁለተኛውን በታች ታስቀምጣቸዋለህ፤ ከፍጻሜ በፊት እንዳይገናኙ። የቀሩትን በመሐል በዕጣ ትበትናቸዋለህ። አንድ ጨዋታ በዕድል ሊበላሽ ስለሚችል ደግሞ እያንዳንዱን ዙር ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ያልፋል ትላለህ።

አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ድልድሉን አንተ አውጣ። አስተማሪ ስለሆንክ ማንም አያማህም" አለኝ።

ይህን ሲለኝ ደረቴ እንደተነፋ አስታውሳለሁ። በትምህርት ቤት አርባና ሃምሳ ተማሪ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ከመሐላቸው የሚያዳምጠኝ አራት ወይም አምስት ነው። እዚህ ግን አንድ ትልቅ ሰው የነገርኩትን ሁሉ ተቀበለኝ።

ከጌም ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ፀጉር አስተካካይ አለ። በእድሜ እኩያዬ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ደንበኛውን ስም እያወጣ የሚጠራ ሰው። ከጌም ቤቱ የተከለከለው ውርርድ የሚካሄደው በእሱ ወንበሮች ላይ እንደነበር ከባለቤቱ በቀር ሁሉም ያውቃል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ኦድ ያወጣል። ይህ ተጫዋች ዋንጫ ከወሰደ ያስያዝከውን ሁለት እጥፍ፣ ያኛው ከወሰደ አምስት እጥፍ ይልና በትንሽ ደብተር ይጽፋል። ኦዱን የሚያወጣው በወሬ ነው፤ ሰው ስሙን የሚያነሳው ተጫዋች ያንሳል፣ ስሙ የማይነሳው ይበዛል።

አንድ ቀን ፀጉሬን እየቆረጠኝ ስለ ድልድሉ ጠየቀኝ። መመለስ አልነበረብኝም። ግን ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር።

"ከአሥር ጨዋታ ሰባቱን የሚያሸንፍ ተጫዋች ውሰድ" አልኩት መስታወቱ ውስጥ እያየሁት። "ስምንት ሰው ባለበት ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ለመውሰድ ሦስት ሰው መጣል አለበት። እያንዳንዱ ዙር አንድ ጨዋታ ብቻ ከሆነ፣ ሦስቱንም የማለፍ ዕድሉ ከሦስት አንድ ያህል ነው። ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ያልፋል ካልክ ግን ወደ ግማሽ ይጠጋል። ሰውየው ያው ነው፣ ጣቱም ያው ነው። የተለወጠው የውድድሩ አሠራር ነው።"

መቀሱን አቆመ። "ስለዚህ ኦዱም አብሮ መለወጥ አለበት።"

"በትክክል። በአንደኛው አሠራር ሦስት እጥፍ የሚያወጣው ሰው፣ በሌላው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው የሚያወጣው። በምድብ ከተጫወቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዴ ተሸንፎም ሊነሳ ይችላል። ድልድሉ ላይ በየትኛው ወገን እንደወደቀም ማየት አለብህ። ደካማው ወገን ላይ የወደቀ መካከለኛ ተጫዋች፣ ጠንካራው ወገን ላይ ከወደቀ ጎበዝ ይልቅ ለፍጻሜ ይቀርባል።"

"ፕሮፌሰር" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ እሱ ሆነ። ሂሳብ ልከፍል ስል እጄን ያዘኝ። እኔም እጄን ወደ ኪሴ መለስኩ።

ሁለተኛው ውድድር ሲመዘገብ እሷ መጣች። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ያስተማርኳት ናት። የሸኮ ልጅ ናት፤ ያኔ ሚዛን አክስቷ ቤት ተቀምጣ ትማር ነበር። አሁን ቴፒ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የቡና ማዘጋጃ ውስጥ መዝጋቢ ሆና ትሠራለች። ዝምተኛ ተማሪ ነበረች። የሰጠኋትን ጥያቄ ከሠራች በኋላ ከታች ሌላ መንገድ አግኝታ ደግማ ትሠራዋለች፤ ሁለቱ መልሶች ካልተገናኙ አታስረክብም። ኳስ ጌም እንደምትጫወት ግን አላውቅም ነበር። ከአክስቷ ልጆች ጋር ስትጫወት ነው ያደገችው።

ክፍሉ ውስጥ ሴት ተጫዋች ገብታ አታውቅም። አንዳንዶቹ ሳቁ። እሷ ግን ቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

"መምህር፣ ድልድሉን የሚያወጡት እርስዎ ነዎት አሉኝ።"

"አዎ።"

"እንግዲያው እመዘገባለሁ" አለችና ስሟን ጻፈች።

በዚያ ውድድር ስምንት ሰው ነበር፤ እያንዳንዱ ዙር ከሦስት ሁለት ያሸነፈ የሚያልፍበት። ፀጉር አስተካካዩ ለእሷ አሥር እጥፍ አወጣ፤ ማንም አልነካትም። የከተማው አንደኛ ተጫዋች ለቡና ንግድ ወደ ጌጫ ሄዶ ስለነበር አልተሳተፈም። እሷ በመጀመሪያው ዙር የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፈች፤ ሁለቱን አከታትላ አሸነፈች። በግማሽ ፍጻሜም እንዲሁ። ያኔ ገባኝ። የመጀመሪያውን ጨዋታ የምታጠናበት ነው። ባላጋራዋ ኳስ በየት በኩል ማሳለፍ እንደሚወድ፣ ሲጨነቅ የትኛውን ቁልፍ እንደሚደጋግም ትመለከታለች። ከዚያ በኋላ ሰውየው በጠራራ ፀሐይ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ይሆናል። በፍጻሜው ሁለተኛ የሚባለውን ተጫዋች አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ባለቤቱ ዋንጫውን በሁለት እጁ አቀበላት። የሳቁባት ሁሉ አጨበጨቡ። እኔ ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ፤ ተማሪዬ ናት እያልኩ ለአጠገቤ ሰው ሁሉ ነገርኩ።

ሦስተኛው ውድድር ትልቅ ሊሆን ነበር። አሥራ ስድስት ተጫዋች ይሳተፋል፤ አሸናፊውን ባለቤቱ የመንገዱን ችሎ ጅማ ወደሚደረግ ውድድር ሊልከው አስቧል። አሁን ሁሉም የሚያወራው ስለ እሷ ነው። ቴፒ ያሉት የሥራ ባልደረቦቿ ገንዘብ አዋጥተው በእሷ ላይ ሊያስይዙ ነው የሚል ወሬም ደረሰ።

ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ስገባ ሌላ ደንበኛ አልነበረም። በሩን ገፋ አደረገና ወንበሩን አዞረልኝ።

"ፕሮፌሰር፣ ይቺ ልጅ የምትሸነፈው እንዴት ነው?" አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ነበር። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ተነስቼ መውጣት እችል ነበር። እኔ ግን ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆምኩ ሆንኩ።

"የመጀመሪያውን ጨዋታ ቀስ ብላ ነው የምትገባው" አልኩት። "ሰውን አጥንታ ነው የምታሸንፈው። ጊዜ ካላገኘች ተራ ተጫዋች ናት።"

"ስለዚህ ዙሩ አንድ አንድ ጨዋታ ቢሆን?"

"ያኔ ዕድሏ በጣም ይወርዳል።"

ማንም ሳይጠይቀኝም ጨመርኩ። ከአንደኛው ተጫዋች ጋር በጊዜ ብትገናኝ የባሰ ይሆናል፤ እሱ ፈጣን ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው ሰው የሚጨርሰው አልኩት። ይህን ስናገር ያየሁት የራሴን ፊት ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ፈገግ ይል ነበር።

"ሰው ሁሉ ያለፈውን አይቶ ነው የሚያስይዘው" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ኦዷን ትንሽ አጓጊ ካደረግሁት በገፍ ይመጡልኛል። ድልድሉ እንዳልከው ከወጣ ማለቴ ነው።"

ከአፌ አዎ የሚል ቃል አልወጣም። ቤቴ ሄጄ ግን ድልድሉን እንዳልኩት አወጣሁት።

እንዴት እንዳደረግሁት ልንገር፤ ምክንያቱም ራሴን ያታለልኩበት መንገድ እሱ ነው። ለተጫዋቾቹ ተራ ቁጥር ስሰጥ ባለፉት ሁለት ውድድሮች ያገቡትን ጎል ድምር መለኪያ አደረግሁ። አንደኛው ተጫዋች ሁለተኛውን ውድድር ስላልተጫወተ ጎሉ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ከታች፣ በዕጣ ከሚበተኑት ጋር ገባ። እሷ ከላይ አንደኛ ሆነች። ከዚያ ዕጣውን ብቻዬን ቤቴ እየደጋገምኩ አወጣሁ፤ አንደኛው ተጫዋች እሷ ካለችበት ወገን እስኪወድቅ ድረስ። የመጀመሪያውን ዙር ካለፉ ሩብ ፍጻሜ ላይ ይገናኛሉ። ሁለተኛ የሚባለው በጎሉም ሁለተኛ ስለሆነ ከታች ቀረ፤ ሌሎቹ ጠንካሮች ግን ከእነሱ ወገን ወደቁ። ሰንጠረዡን በሚያምር ጽሑፌ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ቁጥሮቹ አንድም ውሸት አልነበረባቸውም። ውሸቱ ያንን መለኪያ መምረጤ ላይ ነበር።

"ዙሮቹ ለምን አንድ አንድ ጨዋታ ሆኑ?" አለኝ ባለቤቱ ሰንጠረዡን እያየ።

"አሥራ ስድስት ሰው ነው። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ሳያልቅ ያድርብናል። ፍጻሜውን ብቻ ከሦስት እናደርገዋለን።"

"ጥሩ አስበሃል" አለኝ።

እሁድ ረፋድ ላይ ባልደረቦቿ በአንድ ፒክ አፕ ተጭነው ከቴፒ መጡ። እሷ ከፊት ተቀምጣለች። ከመኪናው ሲወርዱ ጫማቸው በቀይ ጭቃ ተለውሶ ነበር፤ በር ላይ በእንጨት ጠርገው ገቡ። በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ የሄዱም ነበሩ። እሷ ግን ወደዚያ ዞራም አላየችም። ሰንጠረዡን ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ በአንገቷ ሰላም አለችኝ።

የመጀመሪያውን ዙር በጭንቅ አለፈች። ሩብ ፍጻሜ ላይ ከአንደኛው ተጫዋች ጋር ተቀመጠች። እሱ በጊዜ ሁለት ጎል አገባባት። ከእረፍት በኋላ መንገዱን አገኘችው፤ አንድ አገባች፤ ጨዋታው ሁሉ በእሱ ሜዳ ሆነ። አንድ ኳስ ቋሚ መታባት። ከዚያ ሰዓቱ አለቀ። ሌላ ጨዋታ ቢኖር እንደምታሸንፈው ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ከባልደረቦቿ አንዱ፣ ከኋላ የቆመ ረጅም ሰው፣ "ሸጠችው" አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሌላው ተቀበለው። "ያን ጊዜ እንደዚያ የተጫወተች ሰው ዛሬ እንዴት እንደዚህ ትሆናለች? ተከፍሏታል።" ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በዓይኔ አየሁት፤ ሰው ወደ ሰው ጆሮ ሲጎነበስ፣ ቀና ሲል፣ እሷን ሲያይ።

እሷ ጆይስቲኩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ እኔ መጣች።

"መምህር፣ ለምንድን ነው አንድ ጨዋታ ብቻ የሆነው?"

"በመብራቱ ምክንያት ነው" አልኳት።

ወደ ላይ ቀና ብላ አምፖሉን አየችው። ቀኑን ሙሉ ብልጭ እንኳ አላለም። "እሺ" አለችና ወጣች። ፒክ አፑ እሷን ሳይጠብቅ ሄዶ ነበር። መናኸሪያ ገብታ በሚኒባስ ተመለሰች። ሚኒባሱ እስኪሞላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ስትጠብቅ ከሩቅ አየኋት። መሄድና መንገር የምችልበት ሰፊ ጊዜ ነበረኝ። እኔ ግን ሻይ ቤት ገብቼ ጥግ ይዤ ሻይ አዘዝኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ፀጉር አስተካካዩ በፖስታ ገንዘብ ሰጠኝ። አልቀበልም አልኩት፤ እውነትም አልተቀበልኩም። ለብዙ ጊዜ ይህን እንደ መከላከያ ይዤው ዞርኩ። እኔ ሳንቲም አልነካሁም፤ እኔ ስለ ውድድር አሠራር ያወቅሁትን ብቻ ነው የተናገርኩት እያልኩ። ሚስቴ ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ ስትጠይቀኝ የፈተና እርማት ነው አልኳት።

ውሎ አድሮ የውርርዱ ነገር ባለቤቱ ጆሮ ደረሰ። አንድ ከሰዓት በኋላ በጨርቆቹ መሐል አስቀመጠኝ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

"በቤቴ ጨዋታ ላይ ሰው ሲወራረድ ከርሟል። ታውቅ ነበር?"

"አልሰማሁም" አልኩት።

"ያቺ የቴፒዋ ልጅ ገንዘብ ተቀብላ ነው የተሸነፈችው ይላሉ። አላህ ነው የሚያውቀው። ግን በእህቴ ልጅ ያየሁትን በቤቴ ላየው አልፈልግም። ከእንግዲህ አትመዝገብ።" የመመዝገቢያ ደብተሩን ገልጦ እስክሪብቶ ሰጠኝ። "ስሟን ሰርዘው። አንተ ብታደርገው ይሻላል፤ ተማሪህ ናት፣ በክፋት አይታይም።"

ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነበር። ስሟ በራሷ ጽሑፍ ነው የተጻፈው፤ ልክ በፈተና ወረቀቷ ላይ እንደምትጽፈው፣ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ። ሰረዝኩት። አንዴ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፤ መዝገብ ላይ ስህተት እንደማርም ሁሉ። ከዚያ ደብተሩን ዘግቼ መለስኩለት፤ እሱም "እግዜር ይስጥህ መምህር" አለኝ፤ ለእኔ ሲል በእኔ በክርስቲያኑ አባባል።

እስከዚያ ድረስ ያደረግሁትን ሁሉ ምክንያት እየሰጠሁ ልሸከመው ችዬ ነበር። ያቺን ሰረዝ ግን ምንም ምክንያት አልሸፈናትም።

ቅዳሜ ጠዋት ቴፒ ሄድኩ። የቡና ማዘጋጃው ውስጥ በረጃጅም የማድረቂያ አልጋዎች ላይ ቡና ተሰጥቷል፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው ብልሹውን ይለቅማሉ። እሷ ሚዛኑ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ተቀምጣ ትመዘግባለች። ስታየኝ አልደነገጠችም። ወንበሯን ለቃ ሰጠችኝና ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

የምለውን በመንገድ ሁሉ ስለማመድ ነበር የመጣሁት። ሁሉም ጠፋኝ። "ያን ቀን የሆነው ነገር..." ብዬ ጀመርኩ።

"አውቄዋለሁ" አለችኝ። "ቤት ገብቼ ድልድሉን በወረቀት ሠራሁት። በጎል ብዛት ሳይሆን ባሸነፉት ዙር ብዛት ቢቆጠር አንደኛው ተጫዋች ከእኔ ወገን ሊወድቅ አይችልም። ዕጣው እንደዚያ የመውጣቱን ዕድልም አሰላሁት። በጣም ትንሽ ነው። ሁለት ጊዜ በተለያየ መንገድ ሠርቼዋለሁ።" ከዚያ ጨመረች። "አንድ ጨዋታ መሆኑ እኔን እንደሚጎዳ የሚያውቅ ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት።

"ይቅርታውን ለእኔ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ምን ይረባኛል መምህር? እኔ እንዳልሸጥኩ አውቃለሁ። የማያውቁት እነዚያ ናቸው።" በአገጭዋ ወደ አልጋዎቹ አመለከተች። "ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ አብሮኝ የሚበላ የለም። ኪሎ ስጽፍ እንኳ ቆመው ነው የሚያዩኝ።"

"ምን ላድርግ?"

"ይንገሯቸው።"

ተነስታ ወጣችና "አንዴ ኑ፣ መምህር የሚነግሯችሁ አላቸው" አለች። እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ። ወንዶቹም ጆንያ መጫኑን ትተው ቀረቡ። ያ "ሸጠችው" ያለው ረጅም ሰው ከመሐላቸው ነበር። አሥራ አምስት ወይም ሃያ ይሆናሉ። ሕይወቴን በሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን የመጠለያውን ምሰሶ ይዤ ቆምኩ።

ነገርኳቸው። ድልድሉን እኔ እንዳወጣሁት፣ እሷ እንድትሸነፍ አድርጌ እንዳወጣሁት፣ እሷ ምንም እንደማታውቅ፣ ከማንም ምንም እንዳልተቀበለች። በሁለት መስመር ነው ያለቀው። ሳወራ ዓይኔን ያሳረፍኩት የቡናው አልጋ ላይ ነበር።

አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ አማርኛዋ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ቀስ የሚል፣ "ስንት ከፈሉህ?" አለችኝ።

"ምንም አልከፈሉኝም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን አደረግኸው?"

ስንት ነው ብላ ስትጠይቀኝ ምንም አልተቀበልኩም ማለት የሚያኮራኝ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ጥያቄዋ ያንን ገፈፈው። ገንዘብ ተቀብዬ ቢሆን ኖሮ ለእነዚህ ሰዎች የሚገባቸው ነገር ልነግራቸው እችል ነበር፤ ልጅ ታሞብኝ ነው፣ ቤት ኪራይ ጎድሎብኝ ነው ልል እችል ነበር።

"ስለጠየቁኝ" አልኩ በመጨረሻ። "ጠይቀውኝ ስመልስ ደስ ስላለኝ።"

ሴትየዋ ለጥቂት ጊዜ አየችኝ። የተናደደች አትመስልም፤ ያልገባት ነገር እንደምትመለከት ነበር የምታየኝ። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ረጅሙ ሰው ብቻ ወደ ልጅቷ ቀረብ ብሎ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አላት። እሷም አጭር መልስ መለሰችለት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም።

እሁድ ለባለቤቱ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። "እኔ እኮ አንተን ያስቀመጥኩህ ማንም እንዳያጭበረብር ነው" አለኝ። የመመዝገቢያውን ደብተር አውጥቶ ከተሰረዘው ስም ቀጥሎ ስሟን በራሱ እጅ ደግሞ ጻፈው። በዚያው ቀን ለተጫዋቾቹና ለተመልካቾቹ እውነቱን ሊነግራቸው እንደሆነ ገለጸልኝ፤ "ወይስ አንተ ትነግራቸዋለህ?" አለኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ ማለት ነበረብኝ። ቴፒ ላይ አንድ ጊዜ ተናግሬ አቅሜ ያለቀ መሰለኝ። "እርስዎ ይንገሯቸው" አልኩት፤ ሁልጊዜ አንተ የምለውን ሰው። ሲናገር አልቆየሁም፤ በጨርቅ ቤቱ በኩል ወጥቼ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

ባለቤቱ እንድትመለስ ሰው ልኮባት ነበር፤ ምሥጋናዋን ልካ ሳትመጣ ቀረች። ውድድሩ ለተወሰነ ጊዜ ቆሞ እንደገና ሲጀመር ድልድሉ በሰው ፊት፣ በቆብ ውስጥ የሚወጣ ሆነ። አንዳንዴ ጠንካሮቹ በመጀመሪያው ዙር ይገናኛሉ፤ ሰውም ያጉረመርማል፤ ያም ሆኖ ይጫወታሉ ይሉኛል። እኔ ገብቼ አላየሁም። ፀጉር አስተካካዩ ሥራውን አላቆመም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እንደ ወትሮው "ፕሮፌሰር" ይለኛል፤ እኔም ሰላምታውን እመልሳለሁ፤ እሱን ልቆጣው የምችልበት መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ባለፈው ክረምት የትምህርት ማስረጃዋን ልትወስድ ትምህርት ቤት መጣች። በማታው መርሐ ግብር ሒሳብ አያያዝ ልትማር ተመዝግባ ነበር። መዝገብ ቤት ተረኛው እኔ ነበርኩ። ፋይሏን ፈልጌ አወጣሁ፤ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋሁት። ቆማ እያንዳንዱን ውጤት በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሒሳብ ላይ ስትደርስ አልቆመችም፤ እንደ ሌላው ሁሉ አለፈችው። አንድ ቦታ ላይ የልደት ዘመኗ በስህተት ተጽፎ አገኘችና አሳየችኝ። አስተካክዬ፣ ፈርሜ፣ ማህተም መትቼ ሰጠኋት።

"ሥራ እንዴት ነው?" አልኳት።

"ደህና ነው።"

"ሰዎቹስ?"

"ጥቂቶቹ አምነዋል" አለች። "ሌሎቹ እርስዎም ተከፍሎዎት ነው እንደዚያ ያሉት ይላሉ።"

ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ውጭ ዝናቡ እየጠነከረ ነበር። ጃንጥላ እንድትወስድ ጠየቅኋት። መኪናው ቅርብ ነው አለችና ወጣች።